ሰፊው ቀለበት

ሐሙስ ጠዋት አታሚዋ ከአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጋር ተጨቃጨቀች። ሰውየው ከማተሚያዋ የወጣ የሴራሚክ ዕቃ በካሊፐር ለክቶ፣ ሥዕሉ ላይ ካለው ይበልጣል ብሎ ተቆጣ። እሷም ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አሳየችው። ምድጃው ዕቃውን እያኮማተረ ከአምስት አንዱን እጅ ይበላል፤ ስለዚህ ሁሉን አስበልጣ ነው የምታትመው።

"ይሄን የማያውቅ ሰው ካሊፐር ባይነካ ይሻላል" አለችው። ጆሮው ቀላ።

እሷ የሴራሚክ ሊጥ በስሱ እየደራረበች ታትማለች። ቶርኖ እያሉ የሚጠሩት የቶርኖ ባለሙያ፣ ዕቃው ገና ሳይተኮስ እንደ ጠመኔ ሳለ በማሽን እያሽከረከረ ጠርዙን ያስተካክላል፤ ከዚያ ምድጃ ይገባል። ቶርኖን ትወደዋለች። እሱ የሚወደው ዝምታን ይመስላል።

በዚያ ላይ ቋጣሪ ነው። በቀደም የቀለበት ጣቷን ምላጭ ቢቆርጣት ፕላስተር ጠቀለለላት፤ ሲቀይርላት አሮጌውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አትማው ተሰንጥቆባት የጣለችውን የሴራሚክ ቱቦ እንኳ ከቅርጫት አውጥቶ ወስዷል።

ያንኑ ሐሙስ ከሰዓት ካሊፐር ፍለጋ የቶርኖን መሳቢያ ከፈተች። ከጨርቅ ሥር ነጭ ቀለበት አገኘች፤ ሲነኩት እጅ ላይ ዱቄት ይተዋል። አጠለቀችው። ጣቷ ላይ ዞረ። አውራ ጣቷም ላይ ላላ።

እንዲህ ያለ ወፍራም ጣት በግቢው ያላት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ብቻ ናት። ሴትየዋ አንድ ቁልፍ ስትነካ ሁለት ስለሚጫንባት ስልኳን በእርሳስ ጫፍ ነው የምትደውለው። ቶርኖ ደግሞ ሰሞኑን ያለ ጉዳይ እዚያ ይመላለሳል። ይሳሳቃሉ፤ አታሚዋ ስትገባ ጸጥ ይላሉ።

ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ፊቷን ታጠበችና ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ልዛወር ብላ ማመልከቻ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ የጠዋቱን አልረሳም፤ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ እንደሚፈርምላት ቃል ገባ።

ዓርብ ዕለት ምድጃውን የሞላው ቶርኖ ራሱ ነበር። ሰኞ ስትከፍተው ቀለበቱ ከዕቃዎቹ ጀርባ ጥግ ይዟል። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበርና በደንብ ሳታየው በጨርቅ ጠቀለለችው። በምሳ ሰዓት ቀጥታ ወደ ሠራተኞቹ ምግብ ቤት ሄደች።

ሁሉም ተሰብስቧል፤ ሥራ አስኪያጁም ማመልከቻዋን ሊፈርም ብዕሩን ከፍቷል። ጨርቁን ኃላፊዋ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ እትዬ። እሱ ቢደብቅም እኔ አልደብቅም።"

ቶርኖ ጉርሻውን ሳይጎርስ አስቀመጠ። ኃላፊዋ ጨርቁን ፈታች፤ ቀለበቱን አየች፣ ቶርኖን አየች፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ለወጉ ያህል ትንሿ ጣቷ ላይ ሞከረችው። ከመጀመሪያው አንጓ አላለፈም።

"ነይ ወዲህ፣ አንቺ ልጅ" አለችና የአታሚዋን እጅ ሳበች። ምላጭ የቆረጠው ጣት ላይ አጠለቀችላት። ቀለበቱ ገባና ቆመ፤ አልዞረም፣ አልጠበቀም።

ቶርኖ ልኳን የወሰደበትን አሮጌ ፕላስተር ከኪሱ አወጣ። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ዘጋ፤ ማመልከቻዋንም ለሁለት ቀደደው።

"ይሄን የማያውቅ ሰው" አለ፣ "ካሊፐር ባይነካ ይሻላል።"