በቀብሩ ጠዋት የተወለወለው ጫማ

ታላቅ ወንድሟ ትዝታዋን የጻፈችበትን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሠላሳ አራት ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ሠርታ ጡረታ ከወጣች ገና ሦስት ወሯ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከታካሚ ካርድ በቀር ምንም ጽፋ አታውቅም። "ጡረታ የወጣ ሰው አርፎ ይቀመጣል፤ አንቺ የአባትሽን ገመና አደባባይ ልታወጪ ተነሣሽ" አላት።

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ወንድም ጋሼ።"

"ምኑን አየሽው?" ገጹን በጣቱ እየወጋ አነበበላት። "'እናቴ በተቀበረችበት ጠዋት አባቴ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ጫማውን አብለጭልጮ ወጣ።' ጫማውን የወለወልኩት እኔ ነኝ። እሱማ ማሰሪያውን መቋጠር እንኳ አቅቶት ነበር።"

ሃምሳ ዓመት ሙሉ በአባቷ ላይ ቂም ይዛ የኖረችው በዚያ ጫማ ነበር። ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ገጹን ልትቀድደው እጇን ሰደደች። ወንድሟ መዳፉን ደብተሩ ላይ ጫነበት።

"እንዳትነኪው" አላት። ፊቱ አሁንም አልተፈታም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋው።

"ከሥሩ ጻፊ። እኔ እነግርሻለሁ፤ ከራስሽ አንዲት ቃል ብትጨምሪ ግን ወዮልሽ።"