የእማማ ብሪቱ መንገደኞች

«ስታክ አደረገ!» አለች ኢልሊ፣ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ እየመታች። «አኮ፣ ስታክ አደረገ!»

«አኮ» የምትላቸው አያቷ እማማ ብሪቱ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው በልጅ ልጃቸው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ፎርም ነጥቷል። መሃሉ ላይ ትንሽ ሳጥን ወጥታ፣ ገጹ መልስ እየሰጠ አይደለም፣ ትጠብቂያለሽ ወይስ ትወጪያለሽ ትላለች።

«እንዳትወጪ!» አሉ እማማ ብሪቱ።

«አልወጣም።»

«ጠብቂ በያት።»

«ሦስቴ ብያታለሁ እኮ።»

ኢልሊ በአዋላጅነት ከተመረቀች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሥራ እስኪገኝ ብላ አሶሳ ገበያ ጥግ ይህችን የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታለች። ጉባ ላይ የሚከፈት አንድ ክሊኒክ አዋላጅ ይፈልጋል። የጎደላት ማስረጃ የተገኘው ዛሬ ረፋድ ላይ ሲሆን፣ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሁን አሥር ተኩል ሆኗል።

ከጎን ሱቅ ዝንጅብል የምትሸጠው፣ በአማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» የምትለው ዐፊፋ መታወቂያዋን ኮፒ ልታስነሳ ቆማ ነበርና ምክር አላጣችም። «አጥፋው፣ ኢልሊ። አጥፍተህ አብራው። የኔ ስልክ እንደዛ ነው የሚነቃ፣ ወላሂ።»

«ካጠፋሁት የሞላሁት ሁሉ ይጠፋል፣ ዐፊፋ። ማስረጃዎቹን ለመጫን ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ኔትወርኩ ነው።»

«እንግዲያ ኔትወርኩን ስደበው።»

ኔትወርኩ አልነበረም። ይህን እማማ ብሪቱ ያውቃሉ። ከፎርሙ ሥር ታጥፎ የተቀመጠ ሌላ መስኮት አለ፤ የሳቸው ነው። ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ሴት ናቸውና የመደመር ምልክቷን ተጭኖ አዲስ ገጽ መክፈት ለመልመድ አንድ ቀን አልፈጀባቸውም። እንቢ ያላቸው መዝጋቱ ነው። ልጃቸው ዋቅሹማ ጉባ ለሥራ ሲሄድ የጉባን ሙቀት የሚናገረውን ገጽ ከፈቱ። የሰፈሩ ልጅ ዲሳሳ በአውሮፕላን ሲሄድ የበረራውን ሰዓት ከፈቱ። ጎረቤታቸው ሜቲ ልትወልድ እናቷ ዘንድ ነቀምት ስትሄድ የመንገዱን ካርታ ከፈቱ። ወለጋ ያደጉበት ቤት፣ መንገደኛ በወጣበት ቀን ወለል አይጠረግም ነበር፤ ዱካውን ማጥፋት ነው ይባላል። ታዲያ የሰው መንገድ ፊታቸው ተከፍቶ እያለ በምን እጃቸው ይዝጉት? ኢልሊ «የጨረስሽውን ዝጊ፣ አኮ፣ ማሽኑ አሮጌ ነው» ስትላቸው ሁለቴ እሺ አሉ። ሁለቴም መስኮቱን አጥፈው ደበቁት።

ደግሞስ ዝም ቢሉ? ጉባ የሚያነድ ቆላ ነው፤ ወባው፣ የመንገዱ ርቀት። ሰዓቱ ካለፈ ልጅቷ እዚሁ ዓይናቸው ሥር ትቀራለች። ኔትወርክ ነበር ይባላል፣ ይረሳል።

«ይቅር» አለች ኢልሊ ድንገት። እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ዕድሌ ነው።»

ብታለቅስ ይሻል ነበር። እናቷ ሞታ በስድስት ዓመቷ ወደሳቸው ቤት የመጣች ለታም እንዲህ ነው ያደረገችው፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳታለቅስ ቁጭ አለች።

«ከሥር እዪ» አሉ እማማ ብሪቱ።

«ምኑን?»

«ከሥር። ያጠፍኩት አለ።»

ኢልሊ መስኮቱን ገለጠችው። ገጾቹ የባጃጅ ተሳፋሪ ይመስል ተጠባብቀው ስማቸው እንኳ አይነበብም። ቆጠረቻቸው። «አርባ አንድ! አኮ፣ አርባ አንድ?»

«ሁሉም መንገደኞች ናቸው።»

ዐፊፋ ሳቋ አመለጣት። «እማማ፣ ኮምፒዩተሩን መናኸሪያ አደረግከው!»

ኢልሊ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልትዘጋ ስትል እማማ ብሪቱ እጇን ያዙት። «በጅምላ አይሆንም። አንድ በአንድ፣ በስሙ።»

«ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን!»

«በስሙ አልኩ።»

ጀመሩ። ኢልሊ ገጹን እየገለጠች የመንገደኛውን ስም ትጠራለች፣ እማማ ብሪቱ ይመልሳሉ። «ዲሳሳ።» «ተመልሷል፣ ተመስገን። ዝጊ።» ማሽኑ አንዷን ለመዝጋት ያስባል፣ ያቃስታል። «ሜቲ።» «በሰላም ተገላግላለች። ዝጊ።» «ጅረኛ፣ ባምባሲ ገበያ… አኮ፣ ይሄ የአምና ነው!» «እና? በደህና ገብቷል። ዝጊ።» ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ። ስድስተኛው የጉባ ሙቀት ነው። ዋቅሹማ እዚያው ነው፤ ገና አልተመለሰም።

እማማ ብሪቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሁሉንም ዝጊ።»

«ዋቅሹማስ?»

«እሱን የሚጠብቀው እኔ መሰልኩሽ? ዝጊ፣ ሰዓቱ ሄደ!»

ዘጋችው። ማሽኑ እንደ ወፍጮ አጓርቶ ጸጥ አለ። ነጭ የነበረው ፎርም ቀለሙ ተመለሰ፤ ቅድም ኢልሊ በደነዘዘው ገጽ ላይ በከንቱ ስትመታቸው የነበሩት ፊደሎችም አሁን በየተራ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። «አደጋ ቢያጋጥም የሚጠራ ሰው» ከሚለው አጠገብ፦ ብ… ሪ… ቱ። ከሥሩ፣ «ዝምድና» ከሚለው አጠገብ፦ እ… ና… ት።

እማማ ብሪቱ በመነጽራቸው ጠጋ ብለው ሁለቴ አነበቡት። ማመልከቻ ላይ ያልሆነውን አስጽፈው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን እንኳ። ባንዲት ቃል ስህተት ከሥራ የተመለሰ ሰው ያውቃሉ። አፋቸውን ከፈቱ።

«ልላከው?» አለች ኢልሊ። ወደሳቸው አልዞረችም።

እማማ ብሪቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

«እኔ ምንም አላየሁም» አሉ። «ላኪው።»