ከበሮ የሌለው ትምህርት

በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ የያዙት፣ ሙሽሮችን የትዳር ወግ በከበሮና በዘፈን የሚያስተምሩት አሮጊት፣ ነርሷ ከጤና ትምህርት ታብሌት ጋር የሰጠቻቸውን ማዳመጫ በሻሻቸው ላይ ደፉ። «ይሄ መስታወት ነው እኔ በከበሮ የማስተምረውን የሚያስተምረው?» ብለው ሴቶቹን አሳቁና ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ባልን ለማስደሰት ተብሎ የሴትን ብልት በቅጠል ማድረቅ ያቆስላል፤ በቁስሉም በሽታ ይገባል» አላቸው የማዳመጫው ድምፅ። ጆሯቸው ስለተደፈነ መጮሃቸውን አላወቁትም። «ያቆስላል? ሠላሳ ዓመት ለሙሽራ ሁሉ የሰጠሁት ቅጠል?»

ማንም አልሳቀም። ማዳመጫውን ሲያወልቁ ነርሷ ጠጋ ብላ «እማማ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለን ብንነጋገርስ?» አለች።

«ለምን? ስጮህ የሰሙኝ ስታረምም ይስሙኝ። እኔ ያስተማርኳችሁ፣ ተነሱ!»

ከተቀመጡት ሴቶች ግማሾቹ ተነሱ። እንደ ወጉ ሊንበረከኩላቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው። «ዛሬ እኔም ተማሪ ነኝ። ቅጠሉን ቤት ስትገቡ ጣሉት።» ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ዕቃሽ እውነቱን ያውቃል፤ ዘፈን ግን አያውቅም። ያለ ዘፈን ደግሞ ማን ያስታውሳል?»

ታብሌቱን ገለበጡና ጀርባውን እንደ ከበሮ በጣቶቻቸው ይመቱት ጀመር።