የነጋሪቱ መሐላ

ኤልፍ የሚባሉት የጫካ ፍጡራን ልዑል ነጋሪቱን ተሸክሞ ወደ ጫካው ሲገባ ሹል ጆሮዎቹ ሳይቀሩ አቧራ ለብሰው ነበር። ነጋሪቱ በተሰረቀ ዕለት ንጉሡ አባቱ መዳፉን ዋርካው ላይ አስጭነው፣ «ያን ነጋሪት የጎሰመ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በእጄ ይሙት» አስብለው አስምለውታል። በእነሱ ዘንድ መሐላ የፈረሰ እንደሆነ ጫካው ይደርቃል፤ ሕዝቡም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ልዑሉ ነጋሪቱን የጎሰመውን ሌባ ገደለ። ከሌባው ገዝቶ የጎሰመውን ገደለ። በሠርጉ ዕለት ለጨዋታ ያህል አንዴ ጎሰም ያደረገውን ሙሽራ ደግሞ እያለቀሰ ገደለ።

አሁን ግን አበቃ። ማንም እንዳይነካበት መንገዱን ሁሉ ነጋሪቱን አቅፎ ነበር የተኛው።

ዓይናቸው የጠፋው አባቱ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ጠበቁት።

«መጣህ ልጄ?»

«መጣሁ አባባ። ይኸውልዎት፣ ከእንግዲህ የሚሞት የለም።»

ነጋሪቱን ፊታቸው አኖረላቸውና ውሃ ሊጠጣ ወደ ምንጩ ዞር አለ። ሽማግሌው ቆዳውን ዳሰሱት። መሐላውን ዘንግተው እንደ ሕፃን ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

ድም!

ልዑሉ ውሃው ከመዳፉ እየፈሰሰ ደርቆ ቀረ። እጁ ወደ ሰይፉ አልሄድ አለው። ከዋርካው አንድ ቅጠል ረገፈ፤ ከዚያም ሌላ።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉ አባቱ ሳቃቸው ሳይጠፋ። «አልሰማኸውም እንዴ? ልድገምልህ?»