የስፌት መኪናው ዝም ሲል

ልብስ ሰፊዋ የመኪናውን መርገጫ በግራ እግሯ ብቻ ትረግጥ ነበር። ቀኙን ስታነሣ ከእምብርቷ በታች አንድ ነገር ይጎትታታል፤ ስለዚህ ቀኙን እንደ ሰነፍ እንግዳ ወንበሩ ሥር ዘርግታ ትታዋለች። ሆዷ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ይዛለች። ውሃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ሕመሙ ግን ባሰበት እንጂ አልተወላትም።

ከመጋረጃው ወዲያ አማቷ ጋደም ብለዋል። ሐኪም ቤት በተኛችበት ጊዜ ሁሉ አጠገቧ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያደሩት እሳቸው ናቸው፤ የሚቀጥለው አልጋ በሽተኛ ሲያቃስት እንኳ ብድግ የሚሉት እሳቸው። የወጡት ትናንት ነው። አሮጊቷ ለጠየቃቸው ሁሉ "ወጣን" ነው የሚሉት፣ ሁለቱም ታመው የተኙ ይመስል። ዛሬ ከምሳ በኋላ "እስቲ እኔም ጎኔን ላሳርፍ" ብለው ገቡ።

እኚህ ሴትዮ አንድ ጠባይ አላቸው። የስፌት መኪናው ሲጮህ ይተኛሉ፣ ዝም ሲል ይነቃሉ። ምራታቸው በሙሽርነቷ ሰሞን ይህን አታውቅምና፣ እንዳይረበሹ ብላ ሥራዋን ባቆመች ቁጥር ከውስጥ "ምነው?" የሚል ድምፅ ይመጣባት ነበር። ስለዚህ ዛሬ መኪናው ላይ የተቀመጠችው የምትሰፋው ኖሯት አልነበረም። አንዲት ቁራጭ ጨርቅ መርፌው ሥር ከታ ታስኬዳለች፣ ታዞራለች፣ መልሳ ታስኬዳለች። ጨርቋ ከስፌት ብዛት ቆርቆሮ ሆናለች።

ሕመሙ መጣ። በቀኝ በኩል ይዞ እንደ ተጨመቀ ልብስ ጠመዘዛት። ጥርሷን ነክሳ ረገጠች። ማስታገሻውን ክኒን ከምሳ በኋላ ውጣው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በጓሮ በር ወጥታ ከነምሳው መለሰችው፣ ማንም ሳያያት ውሃ ደፍታበት ገባች።

ነርሷ ስታሰናብታት ጣቷን ቀስራ የነገረቻት ይህንኑ ነበር። "እንቁላል ማምረቻሽ ላይ ያለው እጢ ገና አልጠፋም፤ ይጠፋ እንደሆነ እየጠበቅን ነው። ክኒኑን ውጠሽ ሕመሙ ካልታገሠልሽ፣ ወይ ካስመለሰሽ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ተመለሺ። ከተጠማዘዘና ከቆየ ማምረቻውን ልታጪው ትችያለሽ።" እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ገና ልጅ ያልወለደች ሴት እንዲህ ያለውን ቃል አትረሳም፤ እሷም አልረሳችውም፣ መርገጫውን በረገጠች ቁጥር ይመጣባት ነበር።

ግን እንዴት ብላ ትናገር? ባሏ ሹፌር ነው፤ ወደ ሥራው የተመለሰው ገና ዛሬ ጠዋት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም መስሎ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ "ዛሬስ?" አላት። "ዛሬማ ድኛለሁ" አለችው፤ ትከሻው ሸክም እንደ ወረደለት ዘና ሲል አየች። ያንን ካየች በኋላ ዓይኗን በጨው አጥባ "አልዳንኩም፣ ተመለስ" ትበለው? አስታማሚ ሲሰለች ፊቱ ላይ ይታወቃል ይባላል። የእሷ አስታማሚዎች ደግሞ አለመሰልቸታቸው ነው የባሰባት። መታመሙም ሰልችቷታል፣ ስለ እሷ ሰው ሲደክም ማየቱም ሰልችቷታል።

ሕመሙ ሁለተኛ ሲመጣ ከፊተኛው የከፋ ነበር። ፊቷን ላብ አጠመቀው፤ እጇ ጨርቁን ለቀቀው፣ ጨርቁ መርፌው ሥር ተጨማደደ፣ ክሩ ጧ አለ። እግሯ ሳታዘው ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ።

"ምነው?" አሉ ከመጋረጃው ወዲያ።

"ምንም፣ እማማ። ክር ተበጠሰብኝ።"

"እህ።"

ክሩን በምራቋ አርጥባ ወደ መርፌው ቀዳዳ አስጠጋችው። ክሩ በጎን አለፈ። ደግማ ሞከረች፤ አሁን ቀዳዳው ራሱ አልታይ አላት።

"ልጄ።"

"አቤት።"

"ክሩ ገባልሽ?"

አንዲት "አዎ" ብትል ይበቃ ነበር። አሮጊቷ ወደ እንቅልፋቸው፣ እሷም ወደ ቁራጭ ጨርቋ ይመለሱ ነበር፤ እስከ ማታ ማን ያውቃል። አፏን ለዚያው "አዎ" ከፈተች።

"አልገባም" አለች። ከዚያ በኋላ የመጣውን አስባ አላወጣችውም። "እማማ፣ አስመልሶኛል። ክኒኑም አልረጋልኝም። ያው በቀኝ በኩል ነው፣ ቆርጦ ሊጥለኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ገና ማረፍዎ ነበር።" ይቅርታውን ስትናገር አለቀሰች፤ ለሕመሙ አላለቀሰችም ነበር።

መጋረጃው ወዲያው ተገለጠ። ከእንቅልፍ የተነሣ ፊት፣ የተፈታ ፀጉር ትጠብቅ ነበር። አሮጊቷ ግን ሻሻቸውን አጥብቀው አስረዋል፣ ኮታቸውን ቆልፈዋል፤ ትናንት ከሐኪም ቤት የመጣውን ቦርሳ ሳይፈቱት እንዳለ በእጃቸው ይዘዋል።

"አልተኙም ነበር እንዴ?"

"ምን ያስተኛኛል? ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጨርቅ ሳትቀይሪ የምትሰፊው የባቡር ሐዲድ ነው?" አሉ፣ ብብቷ ሥር ገብተው ደግፈው እያነሷት። "ብጠይቅሽ ደህና ነኝ ትዪኝ ነበር። ትንሽ ደግሞ ብትቆዪ መጥቼ በጆሮሽ ጎትቼሽ እሄድ ነበር። በይ፣ ክብደትሽን እኔ ላይ ጣዪው።"

ጣለችው። ጎንበስ እንዳለች ዓይኗ የአማቷ እግር ላይ አረፈ። በሐኪም ቤቱ ወንበር ያበጠው እግራቸው ከጫማው አፍ ተርፎ ወጥቷል፤ ማሰሪያው ግን እስከ ላይ ድረስ ጠብቆ ታስሯል፣ አልጋው ላይ ጋደም ያሉትም ጫማቸውን እንዳሰሩ ኖሯል።