የውስጥ ስፌት

«ገልብጠህ አሳየኝ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ዴስክቶፕ ከመነጽሯ በላይ እያየች።

«ምኑን እናቴ?» ይላል ባለሱቁ።

«ውስጡን ነዋ! ኮት ላዩን ብቻ አይቶ የሚገዛ አለ?»

ልታማክራት አብራት የመጣችው የእህቷ ልጅ በሃፍረት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ከትልቁ ባለመስታወት መደብር የወጡት አሁን ነው። እዚያም ይህንኑ ብትጠይቅ ሻጩ «ከተከፈተ ዋስትና የለውም» ብሎ ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበው።

«አክስቴ፣ የነሱ አዲስ ነው፤ የዚህ ያገለገለ» ትላታለች በጆሮዋ። «ደግሞ ማብሪያው የት እንደሆነ ሳታውቂ፣ ውስጡን አይተሽ ምን ልትሆኚ?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከዴስክቶፑ አትነቅልም። ባለፈው ክረምት ቤቷ አፍስሶ የሃያ ስድስት ዓመት የልኬት ደብተሯን ውሃ በላው። የማን ትከሻ ዘንበል እንደሚል፣ የማን ወገብ በየዓመቱ እንደሚሰፋ የያዘ ደብተር ነበር። ያተረፈችው ግማሹን ነው። ያንን ግማሽ ወደ ኮምፒውተር ልታስገባው ነው፤ ለማን አደራ እንደምትሰጠው ማየት አለባት።

ባለሱቁ ፈገግ ብሎ ካቻቢቴውን ያነሳል። አራት ብሎን ፈትቶ የጎኑን ክዳን ያወልቃል። እሷ አንገቷን ታሰግጋለች። ሽቦዎቹ በቀጭን ማሰሪያ ተሰብስበው ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳሉ፤ የተንጠለጠለ አንድም የለም።

«ውይ፣ ጥሩ እጅ ነው!»

ቀጥላ ብሎኖቹን በጣቷ ትለያቸዋለች። ሦስቱ ጥቁር ናቸው፣ አንዱ ነጭ።

«ይሄ ግን የሌላ ልብስ ቁልፍ ነው።»

የእህቷ ልጅ ጎንበስ ብላ ታያለች። እሷ ልብ አላለችውም ነበር።

ባለሱቁ ማጅራቱን ያካል። «ሃርድ ዲስኩን ስቀይር አንዱ ጠፋብኝ። ከሌላ አምጥቼ ነው።»

«አንተው ነህ የከፈትከው?»

«እኔው ነኝ።»

«ነገ ቢታመምስ ወዴት ትልከዋለህ?»

«ወዴት እልከዋለሁ? እዚችው ጠረጴዛ ላይ ነዋ።»

ለዚህ ጥያቄ የመደብሩ ሻጭ ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት ነበር የሰጣት።

«ቤቴ ያፈሳል ልጄ። ውሃ ቢገባው ደብተሬን ታወጣልኛለህ?»

ባለሱቁ ያስባል። «ከፍቼ እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባልዎትም። ቅጂውን ሌላ ቦታም ያስቀምጡ።»

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ልጅ ታያታለች።

«እሺ፣ ቢያንስ ብሎኑን ጥቁር ያድርግልሽ» ትላለች ልጅቷ እጅ ሰጥታ።

«ተይው፣ ምልክቴ ነው። በል ካቻቢቴውን አምጣው።»

ክዳኑን መልሳ ጥቁሮቹን አንድ በአንድ ታጠብቃለች። በመጨረሻ ነጩን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ቁልፍ እንደምትተክል ሁሉ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ቀዳዳው ላይ ታሳርፈዋለች።