የአሰለፈች ርካሽ መብራት

ይህን ያጫወተችኝ ጎረቤቴ ፍቅርተ ናት፤ የይሻው ሚስት። ስለ ባሏ ስታወራ ታጋንናለች እንጂ አትዋሽም።

ይሻው ያኔ ገሳይ ከተማ ላይ የሶላር ሱቅ ነበረው። ከውጭ የመጣውን ሶላር በወይፈን ዋጋ ነበር የሚሸጠው። አንድ ቀን አሰለፈች ከጉና ሥር ከመንደሯ መጥታ ዋጋ ጠየቀችው።

«አንቺ ደግሞ ጨረቃ አነሰሽ?» ብሎ ገበያተኛውን አሳቀባት።

አሰለፈች መሳቅ የተወች ሴት ናት። ወንድሟን ዘውዱ የሚባል ያገሯ ሰው በወሰን ጠብ ከገደለባት ስምንት ዓመት ሆኗል። ገዳዩ ወደ ቆላ ወረደ ተባለ፣ ደብዛውም ጠፋ። እናም ያን ቀን ሶላሩን ገልብጣ ጀርባውን አየችና ሄደች። ይሻውን በኋላ እንቅልፍ የነሳው ያ አስተያየቷ ነው።

ደብረ ታቦር አንድ አዲስ ወርክሾፕ ተከፍቶ ነበር። ፋብሪካ ተሰበረ ብሎ የጣለውን የሶላር ስባሪ ይገጣጥሙና በስሱ ይበይዱታል፤ ከዚያ በመስኮት መስታወት ያሽጉታል። በዚህ ዘዴ ዋጋው ከወይፈን ወደ በግ ወረደ። አሰለፈች ስድስት ወር ብየዳውን ተማረችና በበቅሎ ጭና መንደሯ ገባች።

በግ ለሌለው በዶሮ ሰጠች። ዶሮም ለሌለው ባንድ ቁና ገብስ። በአንድ ነገር ብቻ ግግም አለች፦ ቤቱ ገብታ ሽቦውን ራሷ ካልዘረጋች አትሰጥም። አንድ አምፖል ከፊት፣ አንድ ከጓዳ፣ አንድ ከቆጥ ላይ። ሰው ሁሉ መረቃት።

ይሻው ሱቁ ተቀምጦ ዝንብ ያባርር ጀመር።

«ልታደኸየኝ ነው! ቂም ባይኖርባት ማን በኪሳራ ይሸጣል?»

«አፍህ ያመጣብህ ነው» አለችው ፍቅርተ። «በል ድንጋይህን ተሸከም።»

ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ደጇ ተንበረከከ። እሷ ሽቦ ትጠቀልላለች።

«እትዬ አሰለፈች፣ ስለ እመብርሃን!»

«ኧረ አውርደው፣ አንገትህ ይቀጫል። አንተ ላይ ደሞ ማን ቂም ይይዛል?»

«እንግዲያው ይብቃሽ!»

«ከመንደሩ ሃምሳ ሦስት ቤት አንድ ቀረኝ። እሱን ሳልጨርስ አይበቃኝም።»

ቂም የለኝም ማለቷን ማንም አላመነም። ይሻውም ድንጋዩን እዚያው ጥሎ፣ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ።

የቀረችው ዓለሚቱ የምትባል ብቸኛ ሴት ነበረች። አሰለፈች በዶሮ ብትላት፣ የለኝም አለች። በነፃ ብትላት፣ መብራት ዓይኔን ያመኛል አለች። ብትለምናት ደግሞ፣ «እንግዲያ ከደጅ ስቀዪልኝ፣ ወደ ውስጥ አትግቢ» አለቻት።

ይሻው ይህን ገበያ ላይ ሲሰማ፣ «ደሃ ሲሰጡት ይኮራል!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

በሳምንቱ ሱቁን ዘጋ። አሁን ይፋግ ላይ ጨው ይቸረችራል፤ ፍቅርተም ከኔ አጥር ጥግ ተከራይታ ትኖራለች። ሃምሳ ሁለቱ ቤት እስከ ዛሬ ይበራል። ዓለሚቱ ቤቷን ዘግታ ገዳም ገባች። አሰለፈች ማረሚያ ቤት ናት፤ እዚያም ለሴቶቹ ብየዳ ታስተምራለች አሉ።

ቆላ ወረደ የተባለው ዘውዱ የተቀበረው ከእህቱ ከዓለሚቱ ቆጥ ላይ ወርዶ ነው።